ነፃ እና በነፃ

አዲስ አበባ ላይ ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው አትላንታ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስቀው የመንገዱ ስም ነው። ፒችትሪ ስትሪት፣ ዌስት ፒችትሪ፣ ፒችትሪ ሴንተር፣ ፒችትሪ ኢንዱስትሪያል፤ የከተማው ሰው ራሱ ይህን ስም የያዙት ጎዳናዎች ከሰባ በላይ ናቸው እያለ ይቀልዳል። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ጓደኛዬን ከአየር ማረፊያ ተቀብዬው መሀል ከተማውን አቋርጠን ስንሄድ፣ በመስኮቱ እያየ ዝም ብሎ ቆየና «ስማ፣ እነዚህ ሰዎች ከተማውን በሶፍትዌሩ ስም ሰየሙት እንዴ?» አለኝ።

ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙን ከጎዳናው የወሰደው ሶፍትዌሩ ነው። ፒችትሪ ሶፍትዌር በ1978 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) እዚሁ አትላንታ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። አይቢኤም በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ለገበያ ሲያቀርብ አብረው ከተዋወቁት ጥቂት ፕሮግራሞች አንዱ የፒችትሪ የሒሳብ መዝገብ ነበር። ከዚያ ኩባንያው ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር ቆይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዙ ሴጅ ገዛው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላም ስሙ ተነሥቶ ሴጅ 50 ተባለ። አዲስ አበባ ግን ይህን የስም ለውጥ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የሥራ ማስታወቂያው «ፒችትሪ የሚችል» እንዳለ ቀጥሏል፤ ማሠልጠኛዎቹም በር ላይ የሚጽፉት ያንኑ ስም ነው።

ይህ የአትላንታ ልጅ አገር ቤት የገባበት መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው። ፈቃድ ገዝተው ያስገቡ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የብዙው ሰው ቅጂ ግን በሲዲ፣ ኋላም በፍላሽ፣ «ክራኩ» አብሮት እየተገለበጠ የደረሰ ነው። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ «ፎርማት ይደረግልኝ» ይባላል፤ ሱቅ ያለው ልጅ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ አንቲቫይረሱንና ፒችትሪውን በአንድ ከሰዓት ጭኖ ይመልሳል፤ ዋጋው የልጁ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። በ2004 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሙዚቃ ጋር ደምሮ እንደሚጠብቅ ልጁም ደንበኛውም ግድ አይሰጣቸውም።

ስለ ክፍት ምንጭ፣ ማለትም የተሠራበት ኮድ ለሁሉም ስለሚታይ ሶፍትዌር የሚጻፈውን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ይህ ሱቅ ነው። በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ሊኑክስን ለኢትዮጵያ ሰው ሊያስተዋውቅ የተነሣ ሁሉ «ገንዘብ አይጠይቅም» ብሎ ይጀምራልና። ሰሚው ምን ይገረማል? የእሱስ ዊንዶውስ መቼ ጠየቀው?

እንግሊዝኛው በዚህ ጉዳይ ላይ ችግረኛ ቋንቋ ነው። ያለ ክፍያ የተገኘውንም፣ ጌታ የሌለውንም የሚጠራው «ፍሪ» በሚል አንድ ቃል ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በመስከረም 1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ ካስተዋወቀበት ጊዜ ጀምሮ ይህንኑ ልዩነት ሲያስረዳ ነው የኖረው። በ1998 ከአጠገቡ የወጡ ሰዎች «ክፍት ምንጭ» የሚለውን ስም ያመጡትም አንዱ ምክንያታቸው ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ነበር፤ ነጋዴው «ነፃነት» ሲባል እንዳይደነግጥ። አማርኛ ግን ሁለቱን በአንዲት «በ» ለይቶ ጨርሷቸዋል። በነፃ የተሰጠ ዕቃ አለ፣ ነፃ የወጣ ሰው አለ፤ ነፃ የወጣውን በነፃ ተገኘ ብሎ የሚናገር የለም። ስቶልማን አማርኛ ቢችል ብዙ ትንፋሽ ይቆጥብ ነበር።

የሶፍትዌር ፈቃዶችን ልዩነት ለእናቴ ሳስረዳ በእርሾ ነው ያስረዳኋት። አትላንታ ጥግ ክላርክስተን ካሉት ሱቆች በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን እንጀራ ስትገዢ የምትበዪው እንጀራ ነው የተሸጠልሽ፤ ከእሱ ሌላ እንጀራ አይበቅልም። የዊንዶውስና የፒችትሪ ፈቃድ ይህን ይመስላል። ሁለተኛዋ ጎረቤት እርሾውን ትሰጥሽና «የፈለግሽውን አድርጊ፣ ሽጪውም፣ ብቻ ከእኔ እንደወሰድሽ አትካጂ» ትላለች፤ ኤምአይቲና ቢኤስዲ የሚባሉት ፈቃዶች እንደዚህ ናቸው። ሦስተኛዋ ጠበቅ ታደርጋለች፦ «ውሰጂ፣ ጋግሪ፣ ሽጪ፤ ካንቺ እንጀራ የገዛ ሰው እርሾ ሲጠይቅሽ ግን አትከልክዪ።» ጂፒኤል ማለት ይህ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረውን ሊኑክስ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ፈቃድ ሥር አደረገው፤ ዛሬ በአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥ ያለው ከርነል፣ የሥርዓቱ አስኳል፣ የዚያ እርሾ ልጅ ነው። እናቴ ሰምታ ሦስተኛዋ ሴትዮ ነገረኛ ትመስላለች አለች። ብዙ የኩባንያ ጠበቆችም እንደ እናቴ ያስባሉ።

ወደ ፒችትሪ ልመለስ። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ፒችትሪ ግን ሐምሌን አያውቅም፤ ጳጉሜንንማ ጨርሶ። የሒሳብ ሠራተኛው ሐምሌ 1ን ጁላይ 8 እያለ፣ የደረሰኙን ቀን በጭንቅላቱ እየመነዘረ ይመዘግባል። ክራክ የተደረገው ቅጂ ዋጋውን ዜሮ አደረገለት፤ ጳጉሜንን ግን ሊያስተምርለት አልቻለም፤ ምንጭ ኮዱ የለማ። ኢማክስ የሚባለውን የጂኤንዩ የጽሑፍ ማረሚያ የከፈተ ሰው ግን የቀን መቁጠሪያው ውስጥ ዛሬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ የሚነግር ትእዛዝ ያገኛል። ማንም ኢትዮጵያዊ ከፍሎ አላስገባውም። ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ግኑካሽ የተባለው ክፍት የሒሳብ ፕሮግራምም ጳጉሜንን አያውቅም፤ የሚለየው ለማስተማር የማንንም ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። ፈቃዱ በር ይከፍታል እንጂ ሥራውን አይሠራም። የክፍት ምንጭ ወዳጆች በስብከታቸው መሀል ይህችን ይዘሏታል።

በፊደላችን የደረሰውን ማየት ከዚህም በላይ ያስተምራል። የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብ በ1990ዎቹ ተተይቦ ፋይሉ በአንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደንቡ ይሻሻል ተብሎ ሲከፈት የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና የነጥብ ውርጅብኝ ሆኖ ወጣ። የተተየበበት ፎንት ከዓመታት በፊት ጠፍቷል። በመጨረሻ ሁለት ወጣቶች ከፎቶኮፒው ላይ እያነበቡ እንደገና ተየቡት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ያኔ አንድ ፎንት የሚይዘው የ256 ምልክት ቦታ ነበር፤ እሱም ለላቲን የተሠራ። የእኛ ፊደል ከነዝርያው ከ300 በላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ዘዴ አጨናንቆ አስገባው፦ አንዱ በሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ቅጥያዎቹን ለብቻ አድርጎ ገጣጠማቸው። በአንዱ «ለ» የነበረው በሌላው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቢሮውን ሁሉ የያዙት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ለሽያጭ የተሠሩ ፕሮግራሞች ነበሩ። እነሱን የመኮነን ፍላጎት የለኝም። ማንም ባልነበረበት ዘመን ለአማርኛ መጻፊያ የሠሩ ናቸው፤ ከገዛቸው ይልቅ የገለበጣቸው እንደሚበዛ መቼም ለአንባቢ አይነገርም። ሆኖም በየፎንቱ ውስጥ የትኛው ፊደል የት እንደተቀመጠ የሚያሳየው ሠንጠረዥ የሠሪው ምስጢር ሲሆን፣ በዚያ ፎንት የተጻፈው ደብዳቤም፣ ፍርድም፣ ግጥምም የሠሪው እስረኛ ይሆናል። ያዘጋጀኸው ጽሑፍ የራስህ ነው፣ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው ኪስ ነው።

በዚያው ጊዜ ሌላ መንገድ የያዙ ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ፊደል ለመጻፍ የሚያገለግል ሥርዓት አዘጋጅተው ለሁሉም ክፍት አደረጉ። ስሙ በምሕጻረ ቃል ሲነበብ «ሴራ»ም «ሠራ»ም ይሆናል፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከዚያ ናኦቶ ታካሃሺ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ያንን ሥርዓት አንሥቶ ኢማክስ ውስጥ አስገባው። በ1997 በወጣው 20ኛው የኢማክስ እትም ላይ አማርኛና ትግርኛ መጻፍ ይቻል ነበር። ዩኒኮድ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን በሦስተኛው እትሙ ያካተተው በ1999 ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፎንት ከቪስታ ጋር ያመጣው በ2007። አንድ ጃፓናዊ ለሩቅ አገር ፊደል አሥር ዓመት ቀድሞ ቤት የሠራው ለምን ይሆን? ትርፍ ስላየበት አይመስለኝም። የሚከለክለው አልነበረም፤ ደስ ብሎት የሠራ ይመስለኛል።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ሐሳብም በቁም ነገር መሰማት አለበት። ኑሯቸውን ኮሎራዶ ያደረጉት ዶ/ር አበራ ሞላ ለግዕዝ አጻጻፍ ዘዴያቸው የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። ዕድሜውን የሰጠ ሰው ለሥራው ጥበቃ ቢሻ ምን ነውር አለው የሚሉ አሉ፤ ፊደሉ የሁሉም ሆኖ ሳለ መጻፊያው እንዴት የአንድ ሰው ይሆናል የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ኋለኞቹ አደላለሁ። የፊተኞቹ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል፦ በክፍት የሠራው ሰው ምን በልቶ ይደር? ኪይማን የተባለው የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ብዙ ኢትዮጵያዊ አማርኛ የተየበበት ነው፤ ለዓመታት በሽያጭ ከኖረ በኋላ ኤስአይኤል የተባለው ድርጅት በ2015 ገዝቶ ኋላ ላይ ከነምንጭ ኮዱ ከፈተው። አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት በክፍት የፎንት ፈቃድ የሰጠውም ይኸው ድርጅት ነው። ዛሬ ያለ ክፍያ የምንጽፍበት አማርኛ ከጀርባው የሆነ ሰው ደመወዝ ከፍሎበታል፤ እኛ ግን አይደለንም።

«ምን በልቶ ይደር» ለሚለው ጥያቄ አትላንታ የራሷን መልስ ሞክራለች። ከተማዋ በሊኑክስ ታሪክ ውስጥ ሰው የሚያስበውን ያህል ዳር አይደለችም። የአካባቢው የሊኑክስ አፍቃሪዎች ማኅበር ከ1997 ጀምሮ የአትላንታ ሊኑክስ ሾውኬዝ የተባለ ጉባኤ ያካሂድ ነበር፤ ከአራተኛው በኋላ፣ በ2001፣ ጉባኤው ወደ ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ተዛወረ። ከዚያ የጸናው ግን ጄቦስ ነው። ማርክ ፍለሪ የተባለ ፈረንሳዊ፣ የቀድሞ ፓራሹተኛና የፊዚክስ ዶክተር፣ በ1999 የጀመረውን የጃቫ ሰርቨር አትላንታ ላይ ኩባንያ አደረገው። ፕሮግራሙ ከነምንጩ በነፃ ይወሰዳል፤ የሚሸጠው ሌሊት በስምንት ሰዓት ሲበላሽ ስልክ የሚያነሣ ሰው ነው። አገር ቤት ያለው የፎርማት ልጅም እኮ የሚሸጠው ይህንኑ ነበር፤ ፍለሪ ከሕግ ጋር አስታርቆት በ2006 ሬድ ሃት ለተባለው የሊኑክስ ኩባንያ በ350 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ሸጠው።

ፍለሪ ቅዱስ አልነበረም። በ2003 ከቡድኑ የወጡ ባለሙያዎች ከአፓቼ ፋውንዴሽን ጋር ጄሮኒሞ የተባለ ተፎካካሪ ሲጀምሩ የጄቦስ ጠበቆች ኮዳችን ተገልብጧል የሚል ደብዳቤ ላኩ። በክፍት ምንጭ ቤት ውስጥ «ገለበጥከኝ» ማለት ለብዙዎች አስቂኝ ነበር። ነገር ግን አስቂኝ የሚሆነው ክፍት ማለት ሕግ የለሽ ማለት ለሚመስለው ሰው ነው። የጄቦስ ኮድ የተለቀቀበት ኤልጂፒኤልና የአፓቼ ፈቃድ የሚያስገድዱት የተለያየ ስለሆነ ካንዱ ወደ ሌላው እንዲሁ ማሻገር አይቻልም። ፈቃዱ የሚጸናው በቅጂ መብት ሕግ ላይ ነው። የቅጂ መብትን የማያከብር አገር ጂፒኤልንም ሊያከብር አይችልም፤ ለእኛ ይህ መራራ ነው።

ጄቦስን በገዛው በሬድ ሃት ላይ ቀጥሎ የሆነው የዘመኑን ክርክር ያሳያል። ሬድ ሃትን በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2020 መጨረሻ ሴንትኦኤስ የተባለው፣ የሬድ ሃትን ሥርዓት ያለ ክፍያ የሚሰጠው ቅጂ፣ በለመዱት መልኩ እንደማይቀጥል ተነገረ፤ በሰኔ 2023 ደግሞ የዋናው ሥርዓት ምንጭ ኮድ ለደንበኞች ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሬድ ሃት የሚለው፣ እኛ የለፋንበትን ገልብጠው ስም ብቻ ቀይረው የሚያከፋፍሉ ምንም አልጨመሩም ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሬድ ሃት ራሱ የቆመው በሌሎች ልፋት ላይ አይደለም ወይ ይላሉ። የጂፒኤልን ቃል ስንመለከት ሬድ ሃት ገደሉ ጫፍ ድረስ ሄደ እንጂ የወደቀ አይመስልም፤ ፈቃዱ ኮዱን እንዲሰጥ የሚያስገድደው ፕሮግራሙን ለሰጠው ሰው ነውና። መንፈሱን ካየን ግን ሦስተኛዋ ሴትዮ «እርሾውን ለሌላ ከሰጠሽ ከነገ ጀምሮ እንጀራ አልሸጥልሽም» ያለች ያህል ነው። እንደ ሬዲስ፣ ኢላስቲክና ሃሺኮርፕ ያሉት የሶፍትዌር ኩባንያዎችም በየተራቸው ፈቃዳቸውን አጥብቀዋል፤ ሬዲስና ኢላስቲክ ኋላ ላይ መልሰው ወደ ክፍት ፈቃድ መጥተዋል።

አትላንታ ከሶፍትዌር ውጭም ይህን ጥያቄ እስከ ጫፉ ወስዳዋለች። የጆርጂያ ግዛት ሕጎች ከነማብራሪያቸው የሚታተሙት በአንድ የግል ኩባንያ ሲሆን የማብራሪያው የቅጂ መብት የግዛቲቱ ነው ይባል ነበር። ካርል ማላሙድ የተባለ ሰው 186ቱን ጥራዝ ገዝቶ፣ ስካን አድርጎ፣ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ግዛቲቱ በ2015 ከሰሰችው፤ ክሱ ድርጊቱን ከሽብር ስልት ጋር እስከማነጻጸር ደርሶ ነበር። አትላንታ የተቀመጠው የፌዴራል ፍርድ ቤት መጀመሪያ ለግዛቲቱ ፈረደ፤ እዚያው አትላንታ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2018 ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኤፕሪል 27 ቀን 2020 በ5 ለ4 ድምፅ ማብራሪያው የሕግ አውጪው ሥራ ስለሆነ የቅጂ መብት አይኖረውም ብሎ ዘጋው። በእኛ አገር ነጋሪት ጋዜጣ ሽፋኑ ላይ «ያንዱ ዋጋ» ብሎ ብሩን ያትማል። ዋጋው ትንሽ ነው። ሆኖም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራን ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ ማን ይያዘው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ከዚህ ፍርድ ቢጀምር ይጠቀማል።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ፣ አትላንታንና ኦሮሚያን ያገናኘ። በ2012 ወንጪ እሳተ ገሞራ ጫፍ ላይና ወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ላሉ፣ ትምህርት ቤት ላላዩ አርባ ገደማ ልጆች በአንድሮይድ የሚሠሩ ታብሌቶች ከፀሐይ ቻርጀር ጋር ተሰጡ። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። ሥራው የአንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ ድርጅት ሲሆን ከጀርባው የነበሩት ተመራማሪዎች ከኤምአይቲ፣ ከተፍትስና እዚህ አትላንታ ካለው ከጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፣ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ የተቆለፈባቸውን ካሜራ ከፍተው የስክሪኑን ገጽታም እንደየፍላጎታቸው ቀይረዋል። ዓለም «የኢትዮጵያ ልጆች አንድሮይድን ሰበሩ» ብሎ ጮኸ።

እኔን የሚያስገርመኝ ጩኸቱ የዘለለው ነገር ነው። ታብሌቱ ላይ ያለው ሥርዓት ክፍት፣ ከርነሉ ጂፒኤል፤ ልጆቹ የሚማሩበት ቋንቋ ግን እንግሊዝኛ ነበር። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ልጅ ያን ሁሉ መቆለፊያ ፈትቶ ያገኘው የእንግሊዝኛ የፊደል ዘፈን ነው። ከዚያ ሥራ የወጣው ኪዩሪየስ ለርኒንግ የተባለ ድርጅት ኋላ ላይ የማንበቢያ ጨዋታዎችን ክፍት በሆነ ምንጭ ወደ ብዙ ቋንቋዎች አምጥቷል፤ የተማሩት ከዚህ ይመስለኛል።

ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማደሻ አቆመ። የዚያ የሒሳብ ባለሙያ ጓደኛዬ ላፕቶፕ ደህና ዕቃ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ግን ቺፑ አርጅቷል ብሎ አልተቀበለውም። ይዞት መጣ። ሊኑክስ ጫንኩለት፤ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳውን ከምርጫው ውስጥ አወጣሁና ስሙን ጻፈ። ፈገግ አለ። ኢንተርኔት ከፈተ፣ ፕሪንተሩን ሞከረ፣ ፕሪንተሩ ባልጠበቅኩት ሁኔታ ሠራ።

«ፒችትሪውስ?» አለኝ።

አዲስ አበባ ያለ የዘመዱን ሱቅ ሒሳብ ከአሥር ዓመት በላይ የያዘው በእሱ ነው። ፒችትሪ ለሊኑክስ ተሠርቶ አያውቅም፤ መዝገቡም የተቀመጠው ሌላ ፕሮግራም በቀላሉ በማያነበው የውሂብ ጎታ ውስጥ ነው። ግኑካሽን አሳየሁት። ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ «የቆየውን ማን ያስገባዋል?» አለ፤ መልስ አልነበረኝም። አሮጌውን ዊንዶውስ ከጎኑ ተውኩለት፤ ኢንተርኔት ግን እንዳያገኝ አደረግኩት። አሁን ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ጥቁር ስክሪን ላይ ሁለት መሥመር ይመጣና የትኛው ይነሣ ብሎ አሥር ሰከንድ ይጠብቀዋል። የሱቁ ደረሰኝ በቴሌግራም የሚመጣለት ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለተኛውን ይመርጣል።